የጤፍ ወሬ

ጤፍ ሰው እንደሚገድል ያወቅኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ አይቼ ደረስኩበት። ሳሎናችን ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ ይቆዩና፣ እታለም በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ሁሉም በአንድ አፍ ስለ ጤፍ ማውራት ይጀምራሉ። «ዘንድሮማ ጤፉ የሚቀመስ አልሆነም» ይላል አንዱ። «ነጩ ነው ሰርገኛው?» ይላል ሌላው። ከንፈር ይመጠጣል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ለጤፍ በሚለቀስበት ቤት የምታድግ የስድስት ዓመት ልጅ ምን ልታስብ ኖሯል? እታለምን ጤፍ ይዟታል አልኩ።

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ስሟ ባንቺአየሁ ነው፤ እናቴ «እታለም» ስለምትላት እኔም በዚያው ቀጠልኩ። ባል አላገባችም። ሹም አቦ ሰፈር ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። ምላሷን ተማሪዎቿ ብቻ ሳይሆኑ ርዕሰ መምህሩም ይፈሩታል። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ሠራተኛ የሚያዝ ሰው ነው፤ እሷ ፊት ሲቀርብ ግን ሸሚዙን ወደ ሱሪው ይከት ነበር።

ግራ ጉንጯ ማበጥ ሲጀምር ከረሜላ ደብቃብኝ መሰለኝና አኮረፍኳት። እየዋለ እያደረ ከረሜላው አልሟሟ አለ፤ እንዲያውም አደገ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ባለችበት በጣቴ ጫን አድርጌ አየሁት፤ ድንጋይ ነው። ዓይኗን ሳትገልጥ «አልቋል፤ ላንቺ አላስተረፍሁም» አለችኝ። ስለዚህ ከረሜላ እንዳልሆነ አወቅኩ። የቀረው ጤፍ ነው።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። ከጥርሷ ሥር የተነሳ ዕጢ መንጋጋዋን ከውስጥ እየበላ ያድግ ነበር። ወደ ሌላው ሰውነት እምብዛም የማይሄድ፣ ነገር ግን ካልወጣ አፍ የማያስከፍት፣ ውሎ አድሮ ጉሮሮ የሚዘጋ ዓይነት ነው። ይህን ሐኪሙ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለቆላ ድባው አጎቴ ነገረ። ከዚያ ለጎረቤት ተነገረ፣ ለዕድሩ ተነገረ፣ ጎንደር ላሉ ዘመዶች በስልክ ተነገረ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም አልቀረበትም። እንዳትሰማ የተባለችው የጉንጩ ባለቤት ብቻ ነበረች። «ትደነግጣለች» ነው የተባለው። እብጠቱ እሷ ፊት ላይ ሆኖ፣ ከእሷ ሊደበቅ ነው።

ይህን ያዘዙት ጋሼ አስናቀ ናቸው። የእታለምና የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የቆላ ድባ እህል ነጋዴ፣ ያለ እሳቸው ቃል በቤተሰባችን ድመት እንኳ የማትወልድ ሰው። በመጡ ቁጥር ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አንድ ጆንያ ጤፍ ያስወርዳሉ። ሳሎን አስገብተው አፉን ይፈቱና ዘገን አድርገው በመዳፋቸው እያሹ፣ እፍ እያሉ ያሳያሉ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አያቸዋለሁ። በሽታውን በጆንያ አስሮ የሚያመጣ፣ በባዶ እጁ የሚነካ እንዲህ ያለ ደፋር ሰው የለም ብዬ ወሰንኩ። በዚያው ሰሞን እንጀራ አልበላም አልኩ። እናቴ ወስፋት ነው ብላ ክኒን አዋጠችኝ።

አንድ ጊዜ መጡና በቤቱ ውስጥ ያለውን መስተዋት ሁሉ አስነሡ። «ራሷን አይታ ብትሰበርስ?» አሉ። የመታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ተነቅሎ አልጋ ሥር ገባ፤ የቁምሳጥኑ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጢሙን የሚላጨው በጠፋው ቴሌቪዥን ላይ ሆነ። ጎንበስ ብሎ ጥላውን እየፈለገ ይላጫል፤ ፊቱን ቦጫጭሮ ፋብሪካ ይሄዳል። ባልደረቦቹ ሚስቱ ቧጭራዋለች ብለው አወሩ፤ እሱም ምሥጢር ለመጠበቅ ሲል አላስተባበለም።

እታለም መስተዋቱ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም። «አየሽ አይደል?» አሏት ጋሼ አስናቀ እናቴን፣ «ምንም አታውቅም። የዋህ ናት።» እታለምን የዋህ ያለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

በዚያ ወቅት እታለም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዳንድ ቀን እጄን ይዛ ወደ ጣና ዳር ትወስደኝ ነበር። «ጊዮርጊስ ተሳልመን እንመጣለን» ትላለች ለእናቴ። ውኃው ዳር ወዳጇ ዘሊካ ዘንድ ታስቀምጠኛለች። ዘሊካ ባሏ ቡርሀን በጀልባ ያመጣውን ቆሮሶ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ከእታለም ጋር ወዳጅነታቸው የጀመረው ልጇን ሂሻምን ስታስተምርላት ነው። ዓሣውን በዳቦ ትሰጠኛለች፤ ጤፍ የሌለበት ምግብ ስለሆነ ያለ ሥጋት እበላለሁ። እታለም መንገዱን ይዛ ትሄድና ትልቅ ቡናማ ፖስታ ይዛ ትመለሳለች። ከፖስታው ጥቁር ነገር ታወጣና ሁለቱ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያዩታል። ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣት ሥዕል ነው ብዬ አምን ነበር። የማን ሥዕል እንደሆነ ግን ጥርሱ ብቻ ስለሚታይ አልለየሁትም።

በዚያ መንገድ ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ሆስፒታል አለ። እዚያ መኖሩን ያስተዋልኩት አድጌ ነው።

«ካለፈው ጊዜ ሰፍቷል» አለች ዘሊካ አንድ ቀን፣ ሥዕሉን ከነጥርሱ እያየች። «ኧረ በአላህ፣ ቤት ላሉት ንገሪያቸው!»

«ከነገርኋቸውማ አለቀልኝ። ሁሉም ይመጣና ያለቅሳል፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም ሳባብል ልውል ነው። እስኪ በጤፋቸው ይቆዩ።»

«አሁንም ጤፍ ነው የሚያወሩት?»

«ትናንት ነጩን ጨርሰው ወደ ጥቁሩ ገብተዋል።»

ሁለቱ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ዘሊካ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች፤ እታለም ጉንጯን በእጇ ደግፋ «አታስቂኝ፣ ያመኛል» እያለች ትስቃለች። ዓሣው መጥበሻው ላይ አረረ። በሚገድል ነገር እንዴት ይሳቃል ብዬ ተቀየምኳቸው።

ከዚያ ታኅሣሥ ላይ ሐኪሙ ለእናቴ ደወለ። ጋሼ አስናቀ በማግሥቱ ከነጆንያቸው ደረሱ። እታለም ትምህርት ቤት ናት። እኔ ሶፋው ላይ ተኝታለች ተብዬ ነቅቼ እሰማለሁ።

«ከውጭ የሚመጡት ሐኪሞች ደርሰዋል» አለች እናቴ። «የሚመጡት በዓመት አንዴ ነው፣ ወንድምጋሼ። እንደ ሐኪሙ አባባል ለዓመት ከተረፈ ሊሠሩት አይችሉም። ግራ መንጋጋዋን ከነዕጢው ያወጡታል። ከዚያ ከእግሯ አጥንት ወስደው፣ ከነደም ሥሩ ማለት ነው፣ እዚያው ይተክሉላታል።»

«ከእግሯ?» አሉ ጋሼ አስናቀ። «ሰው በእግሩ ሊያኝክ?»

«ቀጭኗን አጥንት ነው። አይጎዳትም አሉ። ደግሞ ደም ያስፈልጋል፤ ቤተሰብ ይስጥ ብለዋል።»

ጋሼ አስናቀ የደሙን ነገር አልፈውት ሄዱ። «ጥር ላይ የወንጌላዊት ሰርግ ነው» አሉ። ወንጌላዊት ልጃቸው ናት። «የሙሽራው ወገን ትልቅ ቤተሰብ ነው፤ ዘር ያጣራል። ‹እንዲህ ያለ ነገር በዘራችሁ አለ ወይ?› ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ፊቷን አስቆርጣ፣ እግሯን አስቆርጣ ድንኳን ውስጥ ስትገባ ታይቷችኋል? ሰርጉ ይለፍ። ለፋሲካ ሰብሰብ ብለን እንመክራለን። እኔ ለራሷ ብዬ ነው።»

እናቴ አለቀሰች። እኔ በሙሉ ልቤ ከጋሼ አስናቀ ጋር ወገንኩ። እናቴ የእታለምን እግር ልታስቆርጥ ነው፤ እሳቸው እምቢ አሉላት። በዚያ ላይ ሰርጉ ሲመጣ አዲስ ቀሚስ ሊገዛልኝ ነው። እናቴን ለበርካታ ቀናት አላናገርኳትም፤ እሷ እንዳላስተዋለችው እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ስለ እታለም መንጋጋ ያወራችው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ጠላኋት። የቀረው ወሬ የሰርግ ነበር።

ሐኪሙ ግን መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ ጋሼ አስናቀ መላ አመጡ፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ለእታለም ይነገራት፣ በዚያው አፍ ደግሞ «ለፋሲካ ይደርሳል» ተብላ ትጽናና። ክፉ ነገር እንዴት እንደሚነገር በእኛ አገር ወግ አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይበታተን፣ ጋቢ ተለብሶ ነው። እሳቸውም ወጉን አላጓደሉም። ጎህ ሲቀድ የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ገድሉ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በራችን ላይ ተሰለፉ። ያላሰቡት ነገር ቢኖር ወጉን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው መሆኑን ነው። የዕድር ሰብሳቢ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ከቆመ መርዶ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ውኃ ልትቀዳ የወጣች ጎረቤት አየቻቸው። ጀሪካኗን ጣለችና «ወይኔ ባንቺአየሁ! ወይኔ እህቴን!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በየግቢው ያለው ሁሉ ነጠላውን እያገለደመ ወጣ። ደረት የሚመታ አለ፤ ስትሞት አጠገቧ እንደነበረ የሚያወራም አላጣንም። የዕድሩ ልጆች ማንም ሳያዛቸው የድንኳኑን እንጨት ተሸክመው መጡ። አቶ ገድሉ «ኧረ ቆዩ! ኧረ አልሞተችም!» ይላሉ፤ በጋቢያቸው ውስጥ ሆነው ስለሚናገሩ የሚያለቅሱ ነበር የሚመስለው።

የሳሎኑ በር ተከፈተና እታለም ብቅ አለች። ትምህርት ቤት የምትለብሰውን ጃኬት ለብሳለች፤ ጫማዋን አስራለች፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ፣ ቡናማው ፖስታ ብብቷ ሥር ነው።

«ማን ሞተ?» አለች።

ለቅሶው እንዳለ ቆመ። ድንኳን የያዙት ልጆች እንጨቱን ከጀርባቸው ሊደብቁ ሞከሩ። ሁሉም ዓይን ወደ አቶ ገድሉ ዞረ። አቶ ገድሉ ተጨነቁ፣ ጋቢያቸውን አወረዱ፣ መልሰው ለበሱ።

«የለም የለም» አሉ በመጨረሻ። «እኛ የመጣነው... ስለ ጤፍ ጉዳይ ነበር።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ዋጋው... ዋጋው አሳስቦን።»

«ግቡና ቁጭ በሉ» አለች እታለም።

ገቡ፤ ሽማግሌዎቹም፣ ጋሼ አስናቀም፣ አልቃሹም። አራተኛ ክፍል የተማረ ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋልና ወንበር ያላገኘው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እታለም ጥቁሩን ሥዕል ከፖስታው አወጣችና ከአምፖሉ ፊት ያዘችው።

«ይኸ የኔ መንጋጋ ነው። ይኸ ጥርሴ ነው። ይኸ የተበላው ዕጢው ያለበት ነው። ከዚህ ጀምረው እስከ ጆሮዬ ሥር ያለውን ቆርጠው ያወጡታል። ከዚያ ከባቴ ጎን ያለችውን ቀጭን አጥንት ወስደው፣ ሰባብረው፣ በመንጋጋ ቅርጽ በብረት አያይዘው ይተክሉልኛል። የደም ሥሯን ከአንገቴ ደም ሥር ጋር ይሰፉታል፤ ካልያዘ ይበላሻል፤ ከያዘ አጥንቷ ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው። ልሞትም እችላለሁ፤ እሱንም ነግረውኛል። የምተኛው ዛሬ ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።»

ጋሼ አስናቀ እጃቸውን አወጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽ?»

«ፊቱ የኔ ነው እኮ፣ አስናቀ።»

ደግመው እጃቸውን አወጡ። «ሰርጉስ?»

እታለም አየቻቸው። ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ ያን ቀን የተቆጣች አልመሰለኝም። ልጅ ሆኜም ቢሆን ያዘነች መሆኗ ገባኝ፤ ምናልባት ከዚያ ቀን ትክክል የገባኝ እሱ ብቻ ነው።

«ሰርጉ ላይ እመጣለሁ» አለች። «አሁን ካለቀሳችሁ አይቀር ሥራ ልስጣችሁ። ደም ያስፈልጋል። ማን ይሰጣል?»

አይ የዚያን ጊዜ ማየት ነበር! አሁን ደረቱን ሲደልቅ የነበረ ሁሉ በሽተኛ ሆነ። አቶ ገድሉ ጨጓራቸውን ያዙ። አንደኛው ሽማግሌ «ጾም ይዘናል፤ ደሙም ቀጥኗል» አሉ። «ነይ በቦታሽ ልሙትልሽ» ስትል የነበረችው ጎረቤት መርፌ እንደምትፈራ ተናዘዘች። ከሞት መለስ ላለ ነገር ፈቃደኛ የሆነ አልተገኘም። ጋሼ አስናቀ «እኔ እንኳ ግፊት...» ብለው ጀመሩና እታለም «ከባቴ ጎን» ያለችውን ቦታ በራሳቸው ባት ላይ ሲዳብሱ፣ ፊታቸው ነጣ፣ ይዘውት የመጡት ጆንያ ላይ ዝርግፍ አሉ።

የዚያን ጊዜ ነው እኔ የምሥጢር ሸክሜን መሸከም ያቃተኝ።

«ጋሼን ጤፍ ያዘው!» ብዬ ጮኽኩ። «እታለምን ለቅቆ ጋሼን ያዘው!»

እታለም ጉንጯን ደግፋ ሳቀች። እየሳቀች ግንባሬን ሳመችኝና ከእናቴ ጋር ባጃጅ ተሳፍራ ሄደች። ለካ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ እንደሆነ ሹክ ያለቻት እናቴ ናት። እናቴ እታለም ሁሉን እንደምታውቅ የተረዳችውም ያኔ ነው፤ ተያይዘው አለቀሱ፣ ከዚያ ስለ ጤፉ ተያይዘው ሳቁ ይባላል። እኔ ያኮረፍኳት እናቴ ማለት እሷ ናት።

ደሙን አባቴና እናቴ ሰጡ። አልበቃም ሲባል ዘሊካና ቡርሀን ከዓሣቸው ተነሥተው መጡና ክንዳቸውን ዘረጉ። እታለም እስከ ዛሬ ጀልባ ላይ ስትወጣ «ደሜ ያውቀዋል» ትላለች።

ከቀናት በኋላ አባቴ ዘበኛውን ለምኖ አስገባኝ። አልጋው ላይ ያለችውን ሴት አላወቅኳትም። ፊቷ አብጦ ዓይኗን ሸፍኗል፤ ከከንፈሯ ጀምሮ እስከ አንገቷ ተሰፍቷል፤ አንገቷ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ፣ አፍንጫዋ ውስጥ የምግብ ቱቦ አለ። እኔ በቀጥታ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ሁለቱም እግሯ አለ፤ አንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ተነፈስኩ። እሷ መናገር ስለማትችል ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ተሰጥቷታል። ጻፈችና ወደ አባቴ አዞረችው። አባቴ «ደህና ነኝ፣ ጎበዝ ሁኚ ትላለች» ብሎ አነበበልኝ። የተጻፈው «መስተዋቱን ቦታው መልሱት፤ አንተም እንደ ሰው ተላጭ» የሚል ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ አባቴ ነው፣ ካደግኩ በኋላ።

መስተዋቱ ተመለሰ። እታለም ቤት የገባች ዕለት በምርኩዝ እያነከሰች ፊቱ ቆመች። ሰፈሩ «መንጋጋዋን ታማ በእግሯ ታነክሳለች» እያለ ግራ ተጋብቶ ነበር። ብዙ ቆየች። ጉንጯ ወደ አንድ በኩል ሸሽቷል፤ ከንፈሯ ጥግ ዘመም ብሏል፤ ጠባሳው ቀልቷል። ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ወረደ። እግሯን አሟት ነው ብዬ ወንበር ጎትቼ አመጣሁላት፤ እሷም ተቀመጠች። ዛሬ ስለ እታለም ሲወራ «ጀግና ናት፤ አንዲት ቀን አላለቀሰችም» ይባላል። አልቅሳለች። አንድ ፊት ነበራት፤ እሱን አጥታ ሌላ ለመደች። ሌላው ቀርቶ ለዚህ ልታለቅስ መብቷ ነው።

ሰርጉ ላይ መጣች። ቆላ ድባ ድንኳኑ ውስጥ በምርኩዟ ስትገባ ጋሼ አስናቀ የሚገቡበት ጠፋቸው። እሷ የሙሽራው ወገን መካከል ገብታ ተቀመጠች። ትይዩዋ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ የሙሽራው አጎት አሉ። ፊቷን አዩ፣ አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ጋቢያቸውን አወረዱት። እንቅርታቸው የልጅ ጭንቅላት ያህል ነው። «እፎይ!» አሉ። «ዘር ያጣራሉ ብለውኝ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ታፍኜ ሞትሁ!» እታለም በአዲሱ መንጋጋዋ እየተኮላተፈች የትኛው ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለባቸው ስታስረዳቸው ዋለች።

ያ ሁሉ አለፈ። እታለም ጡረታ ከወጣች ቆየች፤ እኔም ሥራ ይዣለሁ። እንጀራ እበላለሁ።

ባለፈው ወር ጋሼ አስናቀ ሆዳቸውን አሟቸው ከቆላ ድባ መጡ። ተመረመሩ። ውጤቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ አንጀታቸው ላይ ዕጢ አለ፣ መቆረጥ አለበት። ወንጌላዊት በስልክ «በማርያም፣ እንዳትነግሩት! ይደነግጣል» ብላ አለቀሰች። ሳሎን ተሰበሰብን፤ ድምፃችን በራሱ ጊዜ ዝቅ አለ። ማን ይንገራቸው፣ እንዴት ይነገራቸው፣ ከነገርናቸው ምን ይሆናሉ ስንባባል በሩ ገፋ ተደረገና ጋሼ አስናቀ በዘንጋቸው ተደግፈው ገቡ።

«ዘንድሮማ ጤፉ...» አለች እናቴ።

አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ወጥቷል። ጋሼ አስናቀ ባሉበት ቆሙ። አንድ በአንድ አዩን። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጤፍ የሸጡ ሰው ናቸው፤ ከመካከላችን ዋጋውን የሚያውቅ እንደሌለ ያውቃሉ።

«ነጩ ነው...» አሉ፣ «ሰርገኛው?»

እኔ በዚህ ዕድሜዬ መልስ ልፈጥር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እግዜር ይስጣት፣ እታለም ቀደመችኝ። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊታቸው አደረገችው።

«ቁጭ በል፣ አስናቀ። ልንገርህ።»

ተቀመጡ። ነገረቻቸው፤ ዕጢው የት እንዳለ፣ ከየት እስከ የት እንደሚቆረጥ፣ የቀረው እንዴት እንደሚሰፋ፣ ሊሞቱም እንደሚችሉ። ጋሼ አስናቀ እሷን እያዩ ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ያንን ዘመም ያለ ጉንጭ በጣታቸው ጫፍ ነኩት። በዚያ ሁሉ ዓመት ቀና ብለው አይተውት እንኳ አያውቁም።

«ያማል?»

«ሲበርድ ይቆረጥመኛል። እንደ እግር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ ከፍ አደረጉ።

«ደምስ አያስፈልግም?» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው።

«ያስፈልጋል» አለች እታለም። «ትናንት ሄጄ ክንዴን ሰጥቻቸው ነበር፤ ‹እማማ፣ አርጅተዋል› ብለው መለሱኝ።»